አባባን «ኤአይ ነው» ያለብኝ ወንድሜ

ትናንት ጠዋት መካነ ሰላም ፍርድ ቤት ተቀምጬ የስልኬን ባትሪ ስንቴ እንዳየሁ አልነግራችሁም። ሰባ ሁለት... ሰባ አንድ... ከጠፋብኝ አለቀልኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባባ ከመሞታቸው በፊት የግቢውን ግማሽ ለእኔ መስጠታቸውን ሲናገሩ ስልኬ ላይ ቀድቼ ነበር። አብረው ከሰሙት ሁለት ሽማግሌዎች አንዱ ወደ አኼራ ሄደዋል፣ ሌላው ማስታወስ ተስኗቸዋል። ልጆቼን ይዤ የምኖርባት ቤት ያለችው እዚያው ግማሽ ላይ ነው፤ ያለኝ ማስረጃ ደግሞ ይሄው ድምፅ ብቻ።

ታላቅ ወንድሜ ሰይድ ተነሳና «ክቡር ፍርድ ቤት፣ ይሄ የአባታችን ድምፅ አይደለም። በኤአይ የተሠራ ነው» አለ።

ኤአይ! ሰውየው እኮ ቴሌግራም ላይ ፎቶ ለመላክ እንኳ የሚጠራው እኔን ነው። ደሜ ፈላ። ግን ምን ብዬ ላስረዳ?

ዳኛዋ ድምፁ ይከፈት አሉ። አባባ ሳል እያቋረጣቸው ተናገሩ... ግማሹ የልጄ የዘሀራ ነው አሉ... ከዚያ እንደ ልማዳቸው ዱዓ ጀመሩ። «አላህ ያስማማችሁ... አላህ አይለያችሁ...»

«አሚን» አለ አንድ ሰው ከወዲያ በኩል። ዞር ስል ሰይድ ነው። ሁለት መዳፉን ዘርግቶ፣ አይኑን ጨፍኖ። እኛ ቤት አባባ ዱዓ ሲያደርጉ እጁን ሳይዘረጋ የቀረ ልጅ የለም።

ዳኛዋ ከመነጽራቸው በላይ አዩት። «አቶ ሰይድ፣ አሚን ያሉት ለማን ነው?»

እጁን ኪሱ ከተተ። ዳኛዋ ግን አሚን ብቻውን አይበቃም፣ በሚቀጥለው ቀጠሮ ስልኩ ለባለሙያ ይቅረብ አሉ።

ስወጣ ሰይድ በር ላይ ጠበቀኝ። አይኑ ቀልቷል።

«ዘሀራ... ካረፉ ወዲህ ድምፃቸውን ሰምቼ አላውቅም። ላኪልኝ።»

አንጀቴን በላው። ድምፁን መረጥኩ፣ የሰይድን ስም ነካሁ... ከዚያ ሌላ ሀሳብ መጣብኝ። በዚሁ ድምፅ ሌላ አባባ ቢያሠራስ? ግቢው በሙሉ የሰይድ ነው የሚሉ?

ይኸው ከትናንት ጀምሮ ጣቴ «ላክ» የሚለው ላይ ነው። አላህ አይለያችሁ ሲሉ እኔም እኮ አሚን ብያለሁ።