የማያቃጥለው ቃሪያ

ከበዴሳ ወጣ ብሎ ወንዙ ዳር ያለውን ማሳ አሳየሽ ስትረከብ፣ የባሏ አባት አቶ ባዳቾ የተናገሩት አጭር ቃል ነበር፦ «እስከ ጊፋታ።» እስከ ወላይታ ዘመን መለወጫ አትክልትሽ ካዋጣ ማሳው ያንቺ፣ ካላዋጣ ለወንድሜ ለበቆሎ እሰጠዋለሁ ማለታቸው ነው። ወንድማቸውም ማሳውን በሩቁ እያየ በሬዎቹን ሲያደልብ ከረመ።

አትክልት ከሩቅ ሲያዩት ልምላሜ፣ ሲጠጉት ጣጣ ነው። በበጋ ቲማቲም ተከለች፤ ፍሬው ማማር ሲጀምር ለውኃ መሳቢያው ቤንዚን ጠፋ። ባሏ ሚልክያስ በሞተር ብስክሌት ሰው እያመላለሰ ነው የሚተዳደረው። ከሞተሩ እየቀነሰ ለፓምፑ ሲያጠጣ፣ ነዳጅ አልቆበት መንገድ ላይ ያስቀራቸው ተሳፋሪዎች ያላወረዱበት ስድብ የለም። በስንት መከራ ቲማቲሙ ደረሰ፤ ያን ሳምንት ግን የአገሩ ቲማቲም ሁሉ አብሮ ደረሰና ሶዶ ገበያ የሚያየው ጠፋ። ቀጥላ ጥቅል ጎመን ሞከረች፣ እሱን ደግሞ ትል ቀደማት። «ምርቱስ ተሰብስቧል፣ የሰበሰበው ትሉ ነው እንጂ» ብላ ራሷ ሳቀች። አሳየሽ እንዲህ ናት፤ ሲከፋት ትስቃለች፣ ሰውም ደልቷት ይመስለዋል።

የቀራት ተስፋ ቃሪያ ነበር። ጊፋታ ያለ ቁርጥ፣ ቁርጥም ያለ ዳጣ አይታሰብም። ዳጣ ቃሪያው ከነጭ ሽንኩርትና ከዝንጅብል ጋር ተፈጭቶ የሚሠራ ማባያ ነው፤ ዓይን ካላስነባ ደግሞ ወላይታ ውስጥ ዳጣ ብሎ የሚጠራው የለም። ስለዚህ ለጊፋታ ቃሪያ ያደረሰ ገበሬ ከሰረ ሲባል ተሰምቶ አያውቅም። ሶዶ ሄዳ ዘር ገዛች፤ ሻጩም «እሳት ነው!» ብሎ ማለላት። ክረምቱን ሙሉ ከዝናቡ ጋር ግብ ግብ ገጠመች። ሥሩ እንዳይበሰብስ መደቡን ከፍ አደረገች፣ ውኃ ማፋሰሻ ቆፈረች፣ ደለል በሞላው ቁጥር መልሳ ጠረገች። መስከረም ሲጠባ ቃሪያው ወፍራም፣ የሚያብረቀርቅ፣ ለዓይን የሚያሳሳ ሆነ።

የሶዶው ነጋዴ ዳልጮ ሁሉንም ሊወስድ መጣ። አንዱን ቀጥፎ ገመጠና እንባው እስኪመጣ ጠበቀ። እንባው አልመጣም። ሌላ ገመጠ።

«እህቴ፣ ይሄ ቃሪያ ጾም ያዘ እንዴ?»

«ምን ማለትህ ነው?»

«ቅመሻ!»

ቀመሰች። ጎመን ጎመን ይላል። የቃሪያ ገበሬ ቃሪያውን መች ይቀምሳል? ያን ያህል የተበላሸ ፍሬ ስትለቅም ከርማ ጣቷን አንድ ቀን አለማቃጠሉን ግን መጠርጠር ነበረባት። ዳልጮ አንገቱን ነቀነቀ። «ይህን ለዳጣ ብሸጥ ደንበኞቼ እስከ ከርሞ ይስቁብኛል» አለና ባዶ ጆንያውን ተሸክሞ ሄደ። አሳየሽ በዚያን ቀን አልሳቀችም። መደቡ ላይ ቁጭ ብላ፣ ማሳው ከእጇ ሲወጣ ታያት።

ወሬ እግር አለው፤ ሳይመሽ አቶ ባዳቾ ከች አሉ። መደብ ለመደብ እየተንጎራደዱ ፍርዱን ያነቡት ጀመር።

«ልጄ፣ ሰነፍ ነሽ አልልም» አሉ ቃሪያ ቀጥፈው እየገመጡ። «ግን ይህቺ መሬት በቆሎ ታውቃለች።» ሌላ ቀጠፉ። «ወንድሜም በሬዎቹን አዘጋጅቷል።» ደግሞ ሌላ።

አሳየሽ አፍ አፋቸውን ታያለች። እኚህ ሰው ጨጓራቸው ታሞ፣ ሐኪም ቃሪያ እንዳይነኩ ከከለከላቸው ዓመታት አልፈዋል። በየጊፋታው ቁርጡን በጨው እየበሉ፣ ሰው ሲጠይቃቸው «ዳጣ ሰለቸኝ» ይላሉ። አሁን ሆዳቸውን ይይዛሉ ብላ ጠበቀች፤ እሳቸው እቴ!

«አባባ፣ ሆድዎን አላመመዎትም?»

አቶ ባዳቾ በእጃቸው የቀረውን ቅንጣቢ አዩት። «ምን በልቼ?» አሉና ደነገጡ።

እግዜር ሳይደግስ አይጣላም የሚባለው ያኔ ትዝ አላት። ጨጓራ የሳቸው ብቻ አይደለማ! የሶዶ መምህር፣ የቢሮ ሠራተኛ፣ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ፣ ግማሹ ሆዱን በእጁ ደግፎ አይደል የሚሄደው? «አባባ፣ ጊፋታ ገና ነው፤ ቃልዎ ቃል ነው» አለቻቸው። ሲወጡ ኪሳቸው በቃሪያ አብጦ ነበር።

በገበያው ቀን ሚልክያስ ጆንያዎቹን በሞተሩ እየተመላለሰ ሶዶ አደረሰላት። አሳየሽ ዳጣ ፈጭታ በሳህን ለቅምሻ አቀረበችና ድምጿን ለቀቀችው፦ «ጨጓራ የማይቆጣው ቃሪያ! ኑ ቅመሱ!»

መጀመሪያ ገበያው ሳቀባት። ቀጥሎ ክራባት ያሰረ ሰው ዙሪያውን ገልመጥ ገልመጥ አድርጎ ተጠጋና «ለእናቴ ነው» አለ። ከኋላው የመጣውም ለእናቱ ነው። ያን ቀን በሶዶ ያልታመመች እናት አልነበረችም። ወንድ ልጅ ዳጣ አቃተኝ ከሚል ጨጓራው ቢበጠስ ይመርጣላ! አሳየሽም ገብቷት «እግዜር ይማርልህ» እያለች ትቋጥርላቸዋለች። ከሰዓት በኋላ ዳልጮ ራሱ መጣ፤ ጎንበስ ብሎ «አጎቴ ትንሽ ያመዋል» አላት። ለአጎቱ የገዛው አንድ ሰፈር ይቀልባል። ሲመሻሽ ጆንያዎቹ ሁሉ ባዶ ነበሩ፤ ባልና ሚስት ሞተሩ ላይ ሆነው እስከ በዴሳ እየሳቁ ተመለሱ።

የጊፋታ ዕለት ዘመድ አዝማዱ አቶ ባዳቾ ቤት ተሰበሰበ። ዮ ዮ ጊፋታ ተባለ፣ ቁርጡ ቀረበ። አቶ ባዳቾ የብቻቸውን ዳጣ በትንሽ ሳህን ከፊታቸው አስቀምጠው፣ ሥጋውን እያጠቀሱ ይጎርሳሉ፣ «እፍ!» እያሉ የሌለ እንባቸውን ይጠርጋሉ። ወንድማቸው ሊቀምስ እጁን ሲሰድ ሳህኑን ሳብ አደረጉበት።

«ተው፣ አንተ አትችለውም።»

ወንድምየው ተቀየመና «ይሁን፤ ማሳዬን መቼ ልረስ?» አለ።

አሳየሽ የያዘችውን ጉርሻ መልሳ አስቀመጠች።

«የቱን ማሳ?» አሉ አቶ ባዳቾ። «የአሳየሽን ማሳ ነው የምትለኝ? እሷን ጠይቃት። ከፈቀደችልህ እረስ።»

ሁሉም ዞሮ አያት። አሳየሽ ልትስቅ ከንፈሯን ከፈተች፤ ሳቁ ግን እምቢ አለና እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። ያን ሁሉ ወራት የያዘችው እንባ ነበር።

«አይ አሳየሽ» አለ ወንድምየው ቂሙን ረስቶ፣ «ዳጣው በረታባት፤ ውኃ ስጧት።»