የቢጫዋ ካሜራ ጎማ

ቢጫዋ ካሜራ እዚህ ዓረብ አገር፣ ቡርጅ ሐሙድ ሰፈር ባለችው የኪራይ ክፍሌ፣ ከአልጋዬ ራስጌ ምስማር ላይ ተንጠልጥላለች። ፎቶ ማንሳት ካቆመች ቆይታለች። የፊልም ማስገቢያ በሯ ሲከፈት ግን እስካሁን ባሕር ባሕር ይሸታል። ናፍቆት ሲጠናብኝ ከፍቼ አሸታታለሁ። የሚያየኝ ሰው «ይቺስ ለየላት» ቢል አልፈርድበትም።

የሰጡኝ ፉርን ኤል ሸባክ ሰፈር ያለ ቤታቸውን እየተመላለስኩ የማጸዳላቸው ሽማግሌ ነበሩ። ሚስተር ነበር የምላቸው። በጉልምስናቸው ባሕር ለባሕር የኖሩ ዋናተኛ ናቸው። ልጆቻቸው ወደ ውጭ ሊወስዷቸው ሲሉ ዕቃቸውን አከፋፈሉና ካሜራዋ ለእኔ ደረሰችኝ። ዝም ብለው አልሰጡኝም፤ ወጥ ቤት ጠረጴዛ አጠገብ አስቀምጠው እንደ ተማሪ አስጠኑኝ።

«ያ ቢንቲ፣ ልጄ፣ ይቺ ውሃ አትፈራም። ምልክቷን ካላወቅሽ ግን ጉድ ትሠራሻለች» አሉኝ።

ከጀርባዋ ያለችው ትንሽ መስኮት ፊልም መኖር አለመኖሩን ታሳያለች፤ ሳላይ ከፍቼ ፊልሙን ብርሃን እንዳላስመታው። ከላይ ያለው ቁጥር ስንት እንደተነሳ ይናገራል። ቀይ መብራት ሲበራ ፍላሹ ደርሷል ማለት ነው። መቆለፊያው ሥር ቀይ ነጥብ ከታየ በሩ በደንብ አልተዘጋም፤ ነጥቡ ከተሸፈነ ተዘግቷል። በመጨረሻ በሩን ዙሪያውን የከበበውን ጥቁር ጎማ በጣታቸው ዳበስ ዳበስ አደረጉት።

«ይሄ ምልክት የለውም። ውሃ የሚከለክለው ግን እሱ ነው። ቅባቱ ከደረቀ፣ ነጥቡ ቢሸፈንም ባሕሩ ይገባል። ከገባ ደግሞ እንዳታደርቂያት! ጨው ከደረቀ ፊልሙን ይበላዋል። ንጹሕ ውሃ ውስጥ ንከሪያትና እንደረጠበች ፎቶ ቤት ውሰጃት።»

ፍሪጅ ውስጥ የቀረችውን አንዲት ፊልምና የጎማውን ቅባት ጨምረው ሰጡኝ። ደግ ሰው ነበሩ። ከሄዱ በኋላ በዚያ መንገድ ማለፍ ሁሉ አስጠላኝ።

ያኔ ክፍሉን የምጋራው በዕድሜ ከምትበልጠኝ ሴት ጋር ነበር፤ እታለም እላታለሁ። ከማዳሟ ቤት ፓስፖርቷን ትታ ስለወጣች ወረቀት አልነበራትም፤ ስለዚህ ፎቶ እንደ ጅብ ትፈራለች። ስልክ ካነሳሁ ፊቷን ታዞራለች። «ፎቶ እግር አለው፤ የማዳሜ ቤት ድረስ ይሄዳል» ትለኛለች። ይህን ሁሉ ዓመት አንድ ፍራሽ ላይ ስንተኛ፣ አብረን የተነሳነው አንድም ፎቶ አልነበረንም።

ኋላ ግን የመሄጃ ወረቀቷ ወጣላት። አገር ቤት ከመግባቷ በፊት፣ እሑድ ጠዋት በባሕር ልትጠመቅ ሆነ። የኛ ቤተ ክርስቲያን፣ አዳራሽ ተከራይተን የምናመልከው፣ የጥምቀት ቀን ስልክ አያስነካም፤ ብዙዎቻችን ወረቀት የለንምና መጋቢው ስልካችንን በከረጢት ይሰበስባሉ። ቢጫዋን ካሜራ ሳሳያቸው ግን አገላብጠው አይተው «ይቺ እንኳ ፌስቡክ አታውቅም፤ ትምጣ» አሉ።

እታለምም ለመጀመሪያ ጊዜ ራሷ ጠየቀችኝ። «አንድ ፎቶ አብረን እንነሳ። እማዬ ‹ከማን ጋር ነበር የኖርሽው?› ስትለኝ የማሳያት ይኑረኝ» አለችኝ። ከዚያ ወዲያ ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም። ያቺ ፎቶ እንድትወጣ ብቻ።

ቅዳሜ ከሥራ ስመለስ ካሜራዋ መስኮቱ ላይ ተቀምጣ ታበራለች። እታለም አጽድታታለች። የማዳምን ብር ማንኪያ ስትወለውል የኖረች ሴት ናት፤ እጇ ሥራ ፈትቶ አያውቅም። አገላብጬ ሳምኳት።

በማግስቱ ራምሌት ኤል በይዳ የባሕር ዳርቻ፣ አሸዋው ላይ ፊልሙን አስገባሁ። ቁጥሩን አየሁ፤ ልክ ነው። ቀዩን ነጥብ አየሁ፤ ተሸፍኗል። ጎማውን በሳምንቱ ውስጥ ቀብቼው ስለነበር አልነካሁትም። እታለም ውሃው ውስጥ ገብታ ብቅ ስትል አነሳኋት። ቀጥሎ አንዲት እህት ካሜራዋን ተቀብላኝ ሁለታችንን አነሳችን፤ እስከ ደረታችን ባሕር ውስጥ፣ እጄ ትከሻዋ ላይ። እንደዚያ ስቃ አይቻት አላውቅም።

ካሜራዋን ስቀበል ግን የቁጥሩ መስታወት ላይ ጠብታ አየሁ። በጣቴ ጠረግሁት፤ አልጠረግ አለኝ። ከውስጥ ነው።

«ወጣ?» አለችኝ እታለም።

«ወጣ» አልኳት።

«ንጹሕ ስለሆነች እኮ ነው! በሩ ዙሪያ ያኒ እንዴት ያለ ቅባት ነበረበት መሰለሽ። በሳሙና ፈግፍጌ፣ በኮምጣጤ አሽቼ፣ ኸላስ፣ አስለቀቅሁት።»

ኃጢአቷን ባሕር ላይ አራግፋ ገና ፀጉሯ ያልደረቀ ሴት ላይ ሌላ ጥፋት ልጫንባት? ምግብ የመጣበትን የላብነ እርጎ ባልዲ አጥቤ፣ የመጠጥ ውሃ ሞላሁና ካሜራዋን ነከርኳት። መጋቢው አይተው «እሷንም እናጥምቃት እንዴ?» ብለው ሳቁ። ባልዲዬን ታቅፌ ሰርቪስ ታክሲ ውስጥ ገባሁ።

«ሹ ሃይዳ? ሰመክ?» አለኝ ሾፌሩ፤ ዓሣ መስሎት።

«አይ፣ እህቴ ናት» አልኩት በአማርኛ። ተናድጄ ነበር።

ቡርጅ ሐሙድ ያለው አርመናዊ ፎቶ አንሺ ከሱቁ በላይ ነው የሚኖረው። በሩን ደብድቤ አወረድኩት። ባልዲውን አይቶ ራሱን ነቀነቀ፣ ግን ተቀበለኝ። አጥቦ ሳይጨርስ እታለም ተሳፈረች። ኤርፖርት በር ላይ «ፎቶውን አደራ» ነበር የመጨረሻ ቃሏ።

ከፊልሙ ውስጥ አንዲት ፎቶ ብቻ ተረፈች፤ የሁለታችን። እታለም ሙሉ ፊቷ አለ፣ ዓይኗን ጨፍና ትስቃለች። ከእኔ ግን ከአንገት በላይ ያለውን ጨው በልቶታል፤ ቡናማ እድፍ ነው። ትከሻዋ ላይ ያረፈው እጄ ቀርቷል። ፎቶ ቤቱ በር ላይ ቆሜ አለቀስኩ።

አሁን አገሯ ናት፣ የምትፈራው የለምና በስልክ ላክሁላት። ወዲያው ደወለች።

«እማዬ ‹ይቺ እጇ ብቻ የሚታየው ማን ናት?› አለችኝ» አለች። «አንቺ ደግሞ፣ ፊትሽ ላይ ያለውን እድፍ ምነው ሳትጠርጊው ላክሽው? በደረቅ ጨርቅ እሽት ብታደርጊው እኮ ይለቃል!»

ሳቄም እንባዬም አንድ ላይ መጣ።

«አትንኪው እታለም፣ እንዲያው ይሁን» አልኳት።

«ቆይ እስቲ» አለችኝ። የስልኳን መስታወት በነጠላዋ ጫፍ ስታሽ ብቻ ይሰማኛል።