ሽመላ ላነሳ ሄጄ

አብዮቱ አገዛዙን ከጣለ ከጥቂት ወራት በኋላ፣ መሥሪያ ቤታችን ኻርቱም ውስጥ የሦስት ቀን ስብሰባ አዘጋጀ። እኔ አስተርጓሚ ነበርኩ። ግን ዝናቡ አብቅቶ ከከተማው ወጣ ብሎ ከጀበል አውሊያ ግድብ ኋላ ያለው ሐይቅ በወፍ የሚሞላበት ወቅት ስለነበር፣ ልቤ ያለው ካሜራዬ ላይ ነበር። በሁለተኛው ቀን ጠዋት ለአለቃዬ ለኡስታዝ ከማል ደወልኩና «ወባ ጣለኝ፤ ዛሬ አልመጣም» አልኩት።

«ሰላምቲክ! ይማርሽ፤ አርፈሽ ተኚ» አለኝ። አንጀቴን በላው።

ከምኖርበት ከዴም ሰፈር ሃፍላ በሚሉት አውቶቡስ ተሳፍሬ ሄድኩ። ሐይቁ ዳር ተንበርክኬ ሽመላ ሳነሳ አንድ ወታደር ከኋላዬ መጣ።

«ግድቡን ለምን ታነሺያለሽ?»

«ወላሂ፣ ወፍ ነው የማነሳው!»

ካሜራዬን ተቀብሎ ፎቶዎቹን አንድ በአንድ አየ። ከየሽመላው ጀርባ ግድቡ ተገትሯል። ስደተኛ ነኝ፤ ቢወስደኝ ማን ይጠይቀኛል?

«የሚያውቅሽ ሰው አለ?» ሲለኝ ጨንቆኝ የአለቃዬን ቁጥር ሰጠሁት። ደውሎ የስልኩን ድምፅ ከፍ አደረገና ስሜን ጠርቶ ያውቀኝ እንደሆነ ጠየቀው።

«አዎ፣ የእኛ ሠራተኛ ናት» አለ ኡስታዝ ከማል። «ግን ዛሬ አሟት ቤቷ ተኝታለች። እኔም ስብሰባ ላይ ነኝ፤ በኋላ ደውል።»

የሚገርመው፣ ድምፁ ከስልኩም፣ ከጀርባችን ካለው የዓሣ ጥብስ ቤትም ይሰማ ነበር። ወታደሩና እኔ እኩል ዞርን። ኡስታዝ ከማል እጅጌውን ሰብስቦ፣ ስልኩን በጆሮውና በትከሻው መሃል ይዞ እሾህ ይለቅማል። ዓይን ለዓይን ተጋጨን። ዓሣውን ቀስ ብሎ አስቀመጠና፣

«ወባው ተሻለሽ?» አለኝ።