ሽፋኑን ሳያይ ወጣ የተባለው ወንድሜ

ወንድሜ የፎቶውን ሽፋን ካርታ ላይ ሳያይ ከሥራ ቦታ ወጥቶ አያውቅም። ይኼን መጀመሪያ ልበለው። ሌላውን ስጽፍ ልሳሳት እችላለሁ፤ ቀኑን፣ ማን ቀድሞ እንደተናገረ። በዚህ ግን አልሳሳትም። ያን ቀን አጠገቡ ነበርኩ።

ሦስት ነበርን፤ ወንድሜ፣ የወንድሜ ጓደኛ እና እኔ። ሥራችን መሬት ከላይ በድሮን እያነሱ ካርታ ማውጣት ነው። እነርሱ ዩኒቨርሲቲ አብረው ተምረዋል፤ ድሮኑንም በጋራ ገዙት። እኔ አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ውጤት ስላልመጣልኝ ወንድሜ ከቡታጅራ ወልቂጤ ወሰደኝ። ሣር ላይ በኖራ ምልክት እሠራለሁ፣ ባትሪ እቀይራለሁ። ኋላ ላይ ሽፋን ማየትም አስተማረኝ።

ሽፋን ማየት ከባድ ነገር አይደለም። ድሮኑ በየጥቂት ሜትሩ ፎቶ ያነሳል። የድሮኑን ሚሞሪ ካርድ ላፕቶፑ ላይ ሰክተን ስናይ እያንዳንዱ ፎቶ ካርታው ላይ አንድ ነጥብ ይሆናል፤ ፎቶዎቹ ግን እስኪገለበጡ ድረስ ሚሞሪው ላይ ብቻ ናቸው። ፎቶዎቹ በደንብ የተደራረቡበት መሬት አረንጓዴ ነው፣ የሳሱበት ቀይ። ያልተነሳው ባዶ ይቀራል። ወንድሜ ላፕቶፑን መኪናው ፊት ላይ ያስቀምጥና ፀሐዩን ለመከለል ጃኬቱን በራሱ ላይ ጥሎ ይደፋል። ጓደኛው ክርስቲያን ነው፣ እኛ ሙስሊም ነን፤ “ሶላቱን ጀመረ” እያለ ይቀልድበት ነበር።

“ምን ያስቸኩልሃል?” ይለዋል ወንድሜ ከጃኬቱ ውስጥ። “ወልቂጤ ገብተን ክፍተት ብናገኝ ሣሩ ታጭዶ፣ ጥላው ዞሮ ነው የሚጠብቀን። ያኔ ይኼን መሬት ከየት ታመጣዋለህ?”

ያ ቀን ቅዳሜ ነበር። መንደሩ ከጉብሬ አልፎ ወደ አታት በሚወስደው በኩል ነው። ቤቶቹ በሁለት ወገን ተሰልፈው መሀላቸው ጀፎረ አለ። ጀፎረ የሁሉም የሆነ ሰፊ የሣር መንገድ ነው። ለቅሶ የሚቀመጡት እዚያ ነው፣ ሠርጉም እዚያ፣ ከብቱም የሚውለው እዚያ። አጥሩን ወደ ጀፎረ አንድ ክንድ የገፋ ሰው ሽማግሌ ፊት ይቆማል፤ ነውሩም ለልጆቹ ይተርፋል።

ሽፋኑን ስናይ የጀፎረው ጫፍ ላይ እንደ መቀነት የጠበበ ባዶ ቦታ ቀርቷል። ነፋስ ስለነበር ባትሪው ቶሎ አልቆ ድሮኑ መስመሩን ሳይጨርስ ተመልሷል።

“አቦ ተወው፣ ዳር እኮ ነው” አለ ጓደኛው። እሑድ እሑድ በድሮኑ ሠርግ ይቀርጻል፤ በማግሥቱም ቡታጅራ ሠርግ ነበረው።

“ለአንተ ዳር ነው። ለእነርሱ በራቸው ነው” አለው ወንድሜ።

የመጀመሪያው ሚሞሪ ስለሞላ ሌላ ሚሞሪ ከተተና እንደገና አስነሳው። ሲያርፍ እንደገና ጃኬቱን ተከናንቦ አየ። እኔንም ጠርቶ አሳየኝ። አረንጓዴ ነበር፣ እስከ ጫፉ። ከዚያ በኋላ ነው እንሂድ ያለው። ጓደኛው ድሮኑንና ሁለቱን ሚሞሪዎች ይዞ ወደ ቡታጅራ ሄደ። “ሁለቱንም እገለብጣቸዋለሁ” ብሎ ነበር።

ከዚያ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ወንድሜ የተሳፈረበት መኪና ተገለበጠ። ስለዚያ አልጽፍም። አልችልም።

ጓደኛው በለቅሶው ሦስት ቀን ከቤታችን አልተለየም። ጀናዛውን ከእኛ ጋር ተሸከመ። እናቴ እጁን ይዛ “አንተ አለህልኝ” አለችው። እኔም በልቤ እንደዚያው ብያለሁ።

ካርታው የወጣው ከሁለት ወር በኋላ ነው። ያወጣው ጓደኛው ብቻውን ነው፤ እኔ ገና ቡታጅራ ከእናቴ ጋር ነበርኩ። ወደ ሥራ በተመለስኩ ሰሞን ከመንደሩ ሦስት ሽማግሌዎች ካርታውን ይዘው ቢሯችን መጡ። ካርታው ላይ ጀፎረው ጫፉ ጋ ሲደርስ እንደ ጠርሙስ አንገት ጠቧል። የአንድ ሰው አጥር ወደ ውስጥ ገብቶ ተስሏል። ባለ አጥሩ ከሦስቱ አንዱ ናቸው።

“እኔ ጀፎረ አልነካሁም” አሉ። “ልጆቼ በዚህ ወረቀት እንዴት ቀና ይላሉ?”

ጓደኛው ድምፁን ዝቅ አደረገ። “ሙት ወቃሽ አያድርገኝና አባቴ፣ ያን ቀን ሟች ሽፋኑን ሳያይ ነው ከቦታው የወጣው። ክፍተት ቀረ፣ እኔ በግምት አገናኘሁት። ላሠራን መሥሪያ ቤትም ይኼንኑ በደብዳቤ ገልጫለሁ። ሄደን ዳግም እናነሳዋለን።”

እኔ ለእንግዶቹ ወንበር ይዤ ቆሜያለሁ። ወንበሩን አስቀመጥኩት።

ለምን ዝም አልኩ? ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ። የተናገረው ጀናዛውን የተሸከመ ሰው ነው፤ እንዴት ይዋሻል? ከዚህ የሚብሰው ሌላ ነው። ወንድሜን ተጠራጠርኩ። ያየሁት አረንጓዴ የዚያን ቀን ይሁን የሌላ ቀን፣ ራሴን ማመን አቃተኝ። ሁለት ቀን እንደዚያ ሆንኩ።

በሦስተኛው ቀን ሁለተኛውን ሚሞሪ አግኝቼ ከፈትኩት። ሠርግ ነው። ድንኳን፣ ሙሽራዋ፣ ከላይ የተነሳ ጭፈራ። ቀኑ የዚያ ቅዳሜ ማግሥት። የጀፎረው ፎቶ አንድም የለም።

ጓደኛውን ስጠይቀው አልካደም። “ሠርጉ ላይ ሚሞሪ ሞላብኝ” አለ። “የገለበጥኩት መስሎኝ አጠፋሁት።”

“ታዲያ ለምን በእርሱ አሳበብክ?”

“በማን ላሳብብ? እኔ ነኝ ካልኩ ሌላ ሥራ አይሰጡንም። ያኔ አንተም ቡታጅራ ትመለሳለህ። እርሱን ግን… እርሱን አሁን ምን ያደርጉታል?”

በእርጋታ ነው ያለው፣ ለእኔ እንዳዘነ። ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

በሚቀጥለው ሳምንት ዳግም ልናነሳ ሄድን። ድሮኑ እንዳረፈ ጓደኛው ክንፎቹን ማጠፍ ጀመረ።

“ሳናይ?” አልኩት።

“ለዚህች ቁራጭ? በቃ ግባ ባክህ።”

ላፕቶፑን አውጥቼ ሚሞሪውን ሰካሁት። ባለ አጥሩ ሽማግሌ መጥተው ፀሐዩን በቁመታቸው ከለሉልኝ።

“ይኼ ሁሉ ነጥብ ምንድን ነው?”

“እያንዳንዱ አንድ ፎቶ ነው አባባ።”

“የእኔ አጥር የቱ ጋ ነው?”

አንዱን ነጥብ ከፍቼ አሳየኋቸው። አጥራቸው በቦታው ነው፣ ጀፎረው ከፊቱ ሰፍቶ ተኝቷል። ብዙ ጊዜ አዩት።

“ወንድምህ ያኔ ሁለቴ ነው ያስነሳው” አሉ ቀና ብለው። “በሁለተኛው አይደል ወይፈኔ በርግጎ ገመዱን የበጠሰው? አንተ አይደለህ ሮጠህ የመለስክልኝ? ‘ይኼ የከተማ ልጅ ወይፈኑን ይዞታል ወይስ ወይፈኑ ይዞታል’ ብለን የሳቅንብህ?”

ወይፈኑን ረስቼው ነበር። እንዴት እንደረሳሁት አላውቅም። ገመዱ መዳፌን ልጦት ነበር፤ ወንድሜም ስቆብኛል።

ሽማግሌው ወደ ጓደኛው ዞሩ። “ታዲያ አንተ ሳያይ ሄደ አላልከንም?”

“ብዙ ቀን ሆነው እኮ አባቴ፣ ተምታቶብኝ ይሆናል።”

“እሺ አንተስ?” አሉኝ። “ቢሮም ነበርክ፣ ወንበር ይዘህ። ለምን ዝም አልክ?”

“አይተን ነው የወጣነው አባባ” አልኩ። “ሁለተኛውንም አይተን ነው።”

“ያኔ ብትለው ጥሩ ነበር” አሉ። አልተቆጡም። “እኔ አጥር ገፊ ስባል፣ ወንድምህ ሥራውን አያውቅም ሲባል፣ የምታውቀው አንተ ነበርክ።”

ስንመለስ መኪና ውስጥ ጓደኛው “አሁን ደስ አለህ?” አለኝ።

“ደብዳቤውን ታስተካክላለህ?”

“ካርታው ይስተካከላል አልኩ። ደብዳቤውን ማን ያየዋል? ካስፈለገህ ራስህ ጻፍላቸው።”

ጉብሬ ላይ ወረድኩ።

ጻፍኩ። ሦስት ጊዜ ቀደድኩት፤ እንዲህ ዓይነት ነገር ጽፌ አላውቅም። በአራተኛው ሁሉንም አስገባሁ፤ ሁለተኛውን በረራ፣ የጠፋውን ሚሞሪ፣ እኔም እያወቅሁ ዝም ማለቴን። መሥሪያ ቤቱ መዝገብ ቤት ያለችው ሴት ቆሜ ሳለ እስከ መጨረሻው አነበበችው።

“ወንድምህ ነው?” አለችኝ።

“አዎ።”

“አይዞህ። ግን የመጀመሪያው ደብዳቤ በድርጅታችሁ ማኅተም ነው የመጣው። ይኼም ማኅተም ከሌለው ፋይል ውስጥ ላስገባው አልችልም።” ወረቀቱን አጥፋ በቀስታ መለሰችልኝ።

ማኅተሙ ያለው ጓደኛው ጋ ነው።