ትኩሳቱ የለቀቃት ቀን

ባለፈው ክረምት ማብቂያ ላይ የታላቅ እህቴ ባል ደወለልኝ። እሱና እህቴ ከድሬ ዳዋ ወጣ ባለ የገጠር ቀበሌ ማሽላ ያርሳሉ። ብዙ የማያወራ ሰው ነው። «ነይ አቦ፣ ቤቱ በሙሉ ተኝቷል» ብሎ ዘጋው።

ወባ መሆኑን ለመገመት አልተቸገርኩም። እኔ የምሠራበት ልብስ ስፌት ፋብሪካም ገብታ፣ ከየማሽኑ ፊት ባዶ ወንበር መታየት ከጀመረ ሰንብቷል። አለቃዬን አስፈቅጄ ሄድኩ።

መንደሩ በጠራራ ፀሐይ ጭር ብሏል። የሚታጨድ ማሽላ ቆሞ አጫጅ የለም። እህቴ በዚያ ሙቀት ብርድ ልብስ ደራርባ ጥርሷ ይንቀጫቀጫል። እርጉዝ ናት፤ ለመውለድ ብዙ አልቀራትም። አጠገቧ ትንሿ ልጇ ቁጭ ብላ ይዤላት የሄድኩትን ብስኩት ትበላለች።

«ትናንት የምትሞትብን የመሰለን እሷ ነበረች» አለኝ ባሏ ወደ ልጅቷ እያመለከተ። «ዛሬ ለቀቃት፣ አልሐምዱሊላህ።»

ጤና ኬላው ስንሄድ ሠራተኛዋ ራሷ አሟት ግድግዳ ተደግፋ አገኘናት። መድኃኒት ካለቀ ቆይቷል። «እርጉዟን ዛሬውኑ ከተማ አድርሷት» አለችን።

አትክልት ጭኖ ወደ ቀፊራ ገበያ የሚወርድ ፒክአፕ ለመንን። ልጅቷ እናቷን ተከትላ አለቀሰች። አባቷ አቀፋትና፣ «ተሽሏት የለ? በሽተኛ መሀል ምን ትሠራለች? ነገ እኔ ይዣት እመጣለሁ» አለ። እኔም ትክክል መሰለኝ።

የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ፣ ድልድዩ ላይ መኪናው ሁሉ ተቆላልፎ ነበር። ሹፌሩ ወርዶ «እርጉዝ ይዣለሁ! አሳልፉን!» እያለ በአማርኛም፣ በኦሮምኛም፣ በሶማሊኛም ጮኸ። እህቴ ጭንቅላቷን ትከሻዬ ላይ ጥላ የማይገባ ነገር ታወራለች። ደጋግሜ በስሟ ጠራኋት፤ አታውቀኝም።

ሆስፒታሉ አልጋ አልነበረውም። ኮሪደር ላይ ፍራሽ አነጠፉላት፣ ግሉኮሱን መስኮት ላይ አሰሩት። ሐኪሙ ደም ካላገኘች ሁለቱም እንደማይተርፉ ነገረኝ። የእኔ ደም ተስማማትና ሰጠሁ።

በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ ባሏ መጣ። ብቻውን ነው። በሩ ጋ ቆሞ አልገባም።

«ልጅቷስ?» አልኩት።

«ጠዋት ቀበርናት።»

ማታ ትኩሳቱ ተመልሶ አንቀጠቀጣት። መኪና አልነበረም። ተሸክሟት በእግሩ መንገድ ጀምሮ ነበር፤ እቅፉ ውስጥ እንዳለች አለቀች። ይህን ሁሉ መሬት መሬት እያየ ነገረኝ። አጥሩ ሥር ተቀመጥን። ሰው እየረገጠን ያልፋል፣ ሁሉም በሽተኛ ተሸክሟል።

«ለእናቷ ማን ይነግራታል?» አለኝ።

ሐኪሙ እስክትጠነክር ሳትነግሯት ቆዩ አለን። እህቴ ራሷን ካወቀች ጀምሮ ስለ ልጇ ትጠይቀኛለች፤ እኔ «በላች፣ ተኛች» እላለሁ። ከዚያ መጠየቅ ተወች። ያ ከጥያቄው ባሰብኝ። አንድ ጠዋት ፀጉሯን ሳበጥርላት ፊቷን ሳታዞር፣

«ልጄ መቼ ነው የሞተችው?» አለችኝ።

ማበጠሪያው እጄ ላይ ቀረ። «አንቺ በመጣሽ ሌሊት» አልኳት።

«ውሃ ጠጥታ ነበር?»

አላውቅም ነበር። ባሏን ከደጅ ጠራሁት። መጥቶ ፍራሹ አጠገብ ተንበረከከ።

«ጠጥታለች» አላት። «በእጄ ነው ያጠጣኋት። ወላሂ ጠጥታለች።»

ያኔ አለቀሰች። ኮሪደሩ ላይ የተኙት ሴቶችም አብረዋት አለቀሱ፤ ለእሷ ይሁን ለራሳቸው አላውቅም።

እህቴ ከሆስፒታል ከወጣች በኋላ ወንድ ልጅ ወለደች፣ እኔ ቤት። ትንሽ ነው፣ ግን ይጠባል። ባቀፍኩት ቁጥር የገላው ሙቀት ያስደነግጠኛል። የሕፃን ገላ እንዲሁ ነው ይሉኛል። እህቴም እጇን ግንባሩ ላይ ታሳርፋለች፣ ታነሳለች፣ መልሳ ታሳርፋለች።