ከካሜራው ጋር የመጣው ሌንስ

ኅዳር 12 ቀን 1976 ዓ.ም. የሰብል ጥበቃ ክፍል ኃላፊያችን በግል ማኅደሬ ውስጥ የሚከተለውን ዓረፍተ ነገር አስገቡ፦ «ባለሙያዋ ከካሜራ ጋር አብሮ በተሸጠ ተራ ሌንስ ያነሷቸውን ደብዛዛ ፎቶግራፎች እንደ ሳይንሳዊ ማስረጃ አቅርበዋል።» ቃሉን ሳላዛንፍ የምጠቅሰው ግልባጩ ስለ ተሰጠኝ ነው። ይኸው ደብዳቤ እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ሪፖርቴን መልሼ እንድወስድ፣ አለዚያም በተሻለ ማስረጃ እንዳጸና ያዝዛል።

ሪፖርቱ አጭር ነበር። በሁሩታ አቅራቢያ በአንድ የገበሬ ማኅበር ማሳ ላይ የተዘራው አዲስ የስንዴ ዝርያ በቢጫ ዋግ፣ ቅጠል ላይ ብጉር በመስመር በሚያወጣው በሽታ፣ መመታቱን ይገልጻል። ዝርያውን የመረጡት ኃላፊው ራሳቸው ነበሩ፤ በሚቀጥለው ክረምትም ለሌሎች ማኅበራት ሊከፋፈል ተወስኗል። በዋግ የተመታ ቅጠል ከተቆረጠ በኋላ ይኮማተራል፣ ምልክቱም ይጠፋል። ስለዚህ የነበረኝ ማስረጃ በመስከረም መጨረሻ ማሳው ውስጥ ተንበርክኬ ያነሣኋቸው ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፎች ብቻ ነበሩ።

በፎቶግራፎቹ ላይ ግን ዋጉ አልታየም። ቅጠል ይታያል፤ በቅጠሉ ላይ የሆነ ብዥታ ይታያል። ኃላፊው በስብሰባው ላይ አንዱን በሁለት ጣታቸው አንሥተው ለሁሉም አሳዩ።

«ጓድ፣ ጀርመን አገር ድረስ ተልከሽ የተማርሽው ጭጋግ ማንሣት ነው? ጭጋግማ እዚሁ ጭላሎ ተራራ ላይ ሞልቶልናል።»

ተሳቀ። እኔን ያንገበገበኝ ሳቁ አልነበረም፤ ሰውዬው ትክክል ሊሆኑ መቻላቸው ነበር። ካሜራውን የገዛሁት ምሥራቅ ጀርመን ትምህርቴን ስጨርስ ነው። ሻጩ ለቅርብ ነገሮች የተሠራ ሌላ ሌንስ አውጥቶ አሳይቶኝ ነበር። ከካሜራው ጋር በአንድ ካርቶን የመጣው ይበቃኛል ብዬ ተመለስኩ። ያ ሌንስ ደግሞ ከግማሽ ሜትር አልፎ ወደ ቅጠል አይጠጋም። ቅጠሉ በፊልሙ ላይ ትንሽ ሆኖ ስለሚቀመጥ ሲታተም በብዙ እጥፍ መጉላት አለበት። ሌንሱ ይህን የማይችል ከሆነ፣ ዓይኔ ያየውን እውነት ያጠፋሁት በገዛ ምርጫዬ ነው፤ ለዋግ የሚሸነፈው ዘርም በእኔ ጥፋት ይከፋፈላል። ከኅዳር ጀምሮ የምተኛውም የምነሣውም ከዚህ ሐሳብ ጋር ነበር።

ስለዚህ ሌንሱን መረመርኩት። አንድ እሑድ፣ ከቀበሌ ስብሰባ መልስ፣ በቤቴ ግድግዳ ላይ አንድ የጋዜጣ ገጽ በምስማር መታሁና ካሜራውን በባለሦስት እግር ማቆሚያ ላይ አቆምኩ። የቀበሌው የሴቶች ማኅበር ጸሐፊ የነበረችው ጎረቤቴ በአጥሩ ላይ አንገቷን አሰገገች።

«እንዴ! አንቺ ሴት፣ ምስማሩን የት ላይ ነው የመታሽው?»

አየሁ። ገጹ ላይ በታተመው ፎቶግራፍ፣ የደርጉ ሊቀመንበር ግንባር ላይ ነበር።

«ገልብጪው ቶሎ! እኔም አላየሁ፣ አንቺም አልመታሽ።»

ገለበጥኩት። በጀርባው ስለ ማዳበሪያ አጠቃቀም የሚያትት፣ በደቃቅ ፊደል የታጨቀ ጽሑፍ ነበር፤ ለፈተናው ከሊቀመንበሩ ይሻል ነበር።

የሌንሱን የብርሃን መግቢያ ከሰፊው እስከ ጠባቡ አንድ በአንድ እየቀየርኩ አነሣሁ፤ የእያንዳንዱንም ተራ በደብተር ጻፍኩ። ደካማ ሌንስ ድክመቱን የሚገልጥበት ሥርዓት አለው። መግቢያው ሲሰፋ ያደበዝዛል፣ ሲጠብ ይጠራል፤ ከመሐሉ ይልቅ ጥጋጥጉ ይብሳል። እኔ ማወቅ የፈለግሁት ድክመቱ የት ላይ እንደሚጀምር ነበር።

መሥሪያ ቤታችን ፊልም የሚያጥብበት ክፍል አልነበረውም። ፊልሙን እንደ ወትሮው ለከተማችን ለአሰላ ፎቶ ቤት ባለቤት ሰጠሁ፤ አማርኛና ኦሮምኛ እያቀላቀሉ የሚያወሩ፣ የከተማውን ሙሽሮች ሁሉ ያነሡ ሙስሊም ሽማግሌ ናቸው። እንደ ልማዱ ደንበኛ የሚወስደው የታተመውን ብቻ ነው፤ ኔጋቲቩ፣ የታጠበው ፊልም ራሱ፣ እዚያው ይቀራል።

በሦስተኛው ቀን ሥዕሎቹን ተቀብዬ በደንበኞች አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩና ደረደርኳቸው። ሁሉም ደብዛዛ ነበሩ። ነገር ግን ሁሉም እኩል ደብዛዛ ነበሩ፤ ሰፊው እንደ ጠባቡ፣ መሐሉም እንደ ጥጉ። ደጋግሜ አየሁ። የትኛውም ሌንስ ይህን ያህል ፍትሐዊ አይደለም።

«ጋሼ፣ እባክዎ ኔጋቲቩን ያሳዩኝ።»

«ኔጋቲቭ ምን ያደርግልሻል፣ ኢንተላ ኮ? ልጄ፣ ሰው ኔጋቲቭ አምጣ የሚለኝ ሲፋታ ነው፤ ሊያቃጥለው።»

«አልተፋታሁም። አላገባሁምም።»

«እሱማ ይብሳል!» እያሉ አወጡልኝ።

ወደ መስኮቱ ዞሬ ለማሳ ሥራ ከቦርሳዬ የማልለየውን አጉሊ መነጽር አስጠጋሁ። ፊደሎቹ ይነበቡ ነበር። መግቢያው በጣም ሲሰፋ ጥጉ ላይ ያሉት ይሟሟሉ፤ ከመካከለኛው ቁጥር ጀምሮ ግን ማዳበሪያውን በሄክታር ስንት ኩንታል እንደሚል ሳይቀር አነበብኩ። የመስከረሙን ፊልም አስወጣሁ። ዋጉ እዚያ ነበር፤ በቅጠሉ ርዝመት በመስመር የተሰደረ፣ የማያወላዳ። ሌንሱ ድንቅ አልነበረም። በቂ ነበር። ኔጋቲቩንና የታተመውን ጎን ለጎን ይዤ ወደ ሽማግሌው ዞርኩ።

«ጋሼ፣ ሲያትሙት ምን ያደርጉበታል?»

ወደ ጨለማው ክፍል አስገቡኝ። ከፎቶ ማጉያው ሥር በሽቦ ቀለበት የተወጠረ ስስ የሴት እግር ሹራብ፣ የናይለን ስቶኪንግ፣ ነበር።

«ይቺ የእንጀራዬ ምሥጢር ናት፣ ለማንም እንዳትናገሪ። ብጉሩን፣ ጠባሳውን፣ ሽብሽቡን ታለሰልሰዋለች። ያለሷ ያተምኩ ቀን ሙሽሮቹ በድንጋይ ነው የሚወግሩኝ።»

«ለስንዴ ቅጠልም?»

«አየሁት እኮ! ወላሂ አሳዘነኝ። ቅጠልሽ ብጉር በብጉር ነው። ይቺ የተማረች ልጅ ይህን ይዛ መንግሥት ፊት ልትቀርብ ነው ብዬ፣ ላንቺ ስል ድርብ አደረግሁት።»

ሳቅሁ። እንባዬ እስኪመጣ ሳቅሁ፤ እሳቸውም ምክንያቱን ሳያውቁ አብረውኝ ሳቁ። ከዚያም ስቶኪንጉን አንሥተው አተሙልኝ። ወረቀቱ በውኃው ውስጥ እየጠቆረ ሲመጣ፣ ዋጉ መስመር በመስመር ብቅ አለ።

«አሁን አስቀያሚ ሆነ» አሉ በሐዘን።

«አዎ፣ ጋሼ። እንዲህ ነው የምፈልገው።»

ታኅሣሥ 20 ቀን ኔጋቲቩን፣ የፊተኛውንና የኋለኛውን እትም፣ ምክንያቱን የሚያስረዳ አንድ ገጽ ጽሑፍም ጨምሬ በኃላፊው ጠረጴዛ ላይ አኖርኩ። ዘሩ ሳይከፋፈል ቀረ። በቀጣዩ መስከረም በሁሩታ ማሳዎች መካከል ስሄድ ገበሬዎቹ የዘሩት የቀድሞውን ስንዴ ነበር፤ ቅጠሉን እያገላበጥኩ አየሁት፤ ንጹሕ ነበር። እንደዚያ ቀን ቀልሎኝ የሄድኩበትን መንገድ አላስታውስም።

ማኅደሬ ውስጥ ግን የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር አልተሰረዘም። ከሥሩ በኃላፊው ፊርማ ሌላ ተጨመረ፦ «ባለሙያዋ በተሻሻለ መሣሪያ አዲስ ፎቶግራፎች አንሥተው በማቅረባቸው ጉዳዩ ተዘግቷል።» አዲስ ፎቶግራፍ አላነሣሁም። በታኅሣሥ ማሳው ታጭዶ ገለባ ብቻ ነበር። ካሜራው ያው፣ ሌንሱ ያው፣ ኔጋቲቩም ያው የመስከረሙ ነው፤ ይህም፣ የቀድሞ ኃላፊዬ ሆይ፣ ያኔ በሰጠሁዎ ገጽ ላይ በግልጽ ተጽፏል።

እርስዎ በሕይወት እንዳሉ አውቃለሁ፤ ይህንንም እንደሚያነቡት። ይቅርታ አልጠይቅዎትም፣ ማብራሪያም አልሻም። የምጠይቅዎ አንድ ነገር ነው፦ በፊርማዎ ያጸኑት «የተሻሻለ መሣሪያ» የትኛው ነው? ስሙን በጽሑፍ ይመልሱልኝ።