ጥንቅሹን ያልቀመሰው ሰውዬ

ልጆች ሳለን ቆቦን አስፋልቱ ለሁለት ይከፍላት ነበር። መንገዱን የተሻገረ ልጅ፣ ከማሽላ ላይ ወፍ በምናባርርበት ወንጭፍ ድንጋይ ይቀበለዋል። እኔ የታች ሰፈር ነኝ። በግራ እጁ የሚወነጭፍ ሌላ ልጅ ስላልነበረ ላዮችም ታቾችም "ግራኙ" ይሉኝ ነበር። ቅንድቤ ላይ ያለው ጠባሳ የላይ ሰፈሮች ስጦታ ነው።

ባለፈው ጥቅምት ሻይ ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጬ፣ ከአዲስ አበባ የመጣ አንድ ባለጥቁር መነጽር አጠገቤ ትዝታውን ያወራል።

"የላይ ሰፈር ልጅ ነኝ። በእኛ ጊዜ ላይ ታች የሚባል ነገር የት ነበር? አንድ ጥንቅሽ ተካፍለን ነው ያደግነው!" ይላል አፉን ሞልቶ።

ይባስ ብሎ ጥንቅሽ ሻጭ ጠርቶ ለሁላችንም አደለን። እሱ ግን አልቀመሰም። አዲስ አበባ ገብቶ አገዳ በጥርስ መላጥ ነውር ሆኖበታል ማለት ነው! እኔ የራሴን በግራ እጄ ይዤ እየላጥኩ ታዘብኩት። በመጨረሻ አላስችለኝ አለ።

"ወንድሜ፣ ያ ያልከው ፍቅር ይኸውልህ" ብዬ ጠባሳዬን አሳየሁት። "ደግሞስ አንተ የማትልጠው ምነው? ከተሜ ጥንቅሽ ይጠየፋል እንዴ?"

ጠባሳዬን ልብም አላለው። የሚያየው ጥንቅሹን የያዘውን እጄን ነበር። መነጽሩን አወለቀ። ከዚያ ሁለት የፊት ጥርሶቹን እንደ ቆብ አውልቆ ከሻይ ብርጭቆዬ አጠገብ አስቀመጠልኝ።

"በምኔ ልላጠው፣ ግራኙ?"